የጠራ ውኃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም

በሐምሌና በነሐሴ ወራት ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አገር የሚጓዝ ሰው ወንዞቹን ሁሉ በአንድ ቀለም ያገኛቸዋል። ላህም፣ ብርም፣ ፈጣምም የምዕራብ ጎጃምን ቀይ አፈር ተሸክመው ወደ ዓባይ ሲወርዱ መልካቸው የሸክላ ጭቃ መልክ ነው። ዝናቡ አባርቶ ጥቅምት ሲገባ ደግሞ እነዚሁ ወንዞች ጠጠራቸው እስኪቈጠር ድረስ ኩልል ይላሉ። የአገራችን ሰው ከጥንት ጀምሮ የውኃን ደግነት የሚመዝነው በዚህ መልክ ነው፤ የደፈረሰውን ይጸየፋል፤ የጠራውን ያለ ሥጋት ይጠጣል። የመጀመሪያው መልካም ልማድ ነው። ሁለተኛው ግን ሕፃናትን የሚያሳጣን ልማድ ስለ ሆነ፣ በዚህ ወር ዓምዳችን ስለ ውኃ ጠባይና ውኃን ስለ ማጣራት ጥበብ ለመናገር ወደድን።

ውኃን ሊቃውንቶቻችን ከአራቱ ባሕርያት አንዱ አድርገው ያስተምሩናል፤ ከመሬት፣ ከነፋስና ከእሳት ጋር ተቈጥሮ የፍጥረት መሠረት ነው። የኬሚስትሪ ትምህርት ደግሞ ይህንኑ ውኃ በመስተዋት ዕቃ ውስጥ አድርጎ በኤሌክትሪክ ኃይል በለየው ጊዜ ሁለት ጋዞች አገኘ። አንዱ ሃይድሮጅን፣ ሁለተኛው ኦክሲጅን ይባላል፤ ሃይድሮጅኑም በመጠን የኦክሲጅኑ እጥፍ ነው። ሃይድሮጅን ራሱ የሚነድ ጋዝ ነው፤ ኦክሲጅን የሌላውን መንደድ የሚያግዝ ነው፤ ሁለቱ ሲዋሐዱ ግን እሳት የሚያጠፋውን ውኃ ያስገኛሉ። ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ይገረማሉ፤ ሊገረሙም ይገባል። አባቶች የነገሩን ስለ ውኃ ግብርና ምሥጢር ነው፤ ቤተ ሙከራው የሚነግረን ስለ ውሕደቱ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ያለ ጠብ ሊኖሩ ይችላሉ።

ለቤት እመቤት ከዚህ ይልቅ የሚጠቅማት ሌላው የውኃ ጠባይ ነው፤ ይኸውም ያገኘውን ሁሉ ማሟሟቱ ነው። ዝናብ ከደመና ሲወርድ ንጹሕ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም፤ ነገር ግን መሬት ሳይደርስ ከአየሩ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ጥቂት ይቀበልና ለምላስ የማይታወቅ ኮምጣጣነት ያገኛል። በዚህም ኮምጣጣነቱ አለቱን ቀስ በቀስ እየበላ ካልሲየምና ማግኒዚየም የተባሉትን ማዕድናት ይዞ ይሄዳል። ሳሙና አልቀልጥ፣ አረፋም አልወጣ የሚልበት ውኃ እነዚህ የበዙበት ነው፤ በማንቈርቈሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋግረውም እርሱ ነው። ሳሙና ያስጨርሳል እንጂ ጤና አይነሣም። በገንዳ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ግን በጥቂት ሳሙና ብዙ አረፋ የሚያወጣው ገና ድንጋይ ስላልነካው ነው።

የዚህ ጠባይ ግልጽ ምስክር በቡሬ አካባቢ ይገኛል። በዚያ እንደ አምቦ ውኃ ያለ ኮምጣጣ ውኃ አለ፤ እሳት ሳይነካው ይፈላል፤ እጅ ቢያገቡበት ግን አያቃጥልም። አፍልቶ የሚያሳየው ከመሬት ሆድ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ጋዙ በብዛት ስለ ገባበት ኮምጣጣነቱ ይበረታል፤ ኮምጣጣነቱ ስለ በረታም ከአለቱ ብዙ ማዕድን አሟሙቶ ይመጣል። ከብት የሚወደው ስለዚህ ማዕድን ነው። እንግዲህ ይህ ውኃ ለዓይን የጠራ ሆኖ ሳለ በውስጡ የተሸከመው ነገር ከደፈረሰው ወንዝ የሟሟ ማዕድን ሊበልጥ ይችላል ማለት ነው። ዓይን የሟሟውን አታይም።

በስምጥ ሸለቆ አገር ይህ አለማየት ብዙ ሰዎችን ጐድቷል። በወንጂ የስኳር እርሻ ሠፈሮች ለብዙ ዘመን የተጠጣው የጉድጓድ ውኃ የጠራ ነበር፤ ነገር ግን ፍሎራይድ የተባለው ንጥረ ነገር ስለ በዛበት የልጆቹ ጥርስ ወየበ፤ ብዙ ዓመት የጠጡት ሠራተኞችም አጥንታቸው ደርቆ ጀርባቸው ጐበጠ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ የፈቀደው ልክ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ፍሎራይድን መቀቀል አያስወጣውም፤ እንዲያውም ውኃው በተነነ መጠን እርሱ እየበዛ ይሄዳል። የጎጃም ደጋ ይህ መከራ ከሚብስባቸው አገሮች ስላልሆነ በዚሁ እናልፈዋለን። የእኛ ጠላቶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ የሚታየው ጭቃ፣ ሁለተኛው የማይታየው ሕያው ነፍስ።

ከጭቃው እንጀምር። ቡና ከእሳት ሲወርድ ጥቂት ቆይቶ አተላው ወደ ታች ይሰክናል፤ ጠላም እንዲሁ ይጠልላል። የክረምት ወንዝ ውኃ በጋን ተቀድቶ ሌሊቱን ቢያድር ግን አሸዋው ይወርድ እንጂ ቅላቱ አይለቅም። ለምን ይሆን? ምክንያቱ ክብደት ብቻ አይደለም። የሸክላ አፈር ቅንጣቶች እጅግ ረቂቅ ከመሆናቸው በላይ እያንዳንዳቸው ኔጌቲቭ የተባለውን ኤሌክትሪክ ለብሰዋል። በጠጉር የታሸ የፕላስቲክ ብዕር ቁራጭ ወረቀት እንደሚስብ የትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ ይህ የተለያየ ኤሌክትሪክ መሳሳብ ነው። አንድ ዓይነት ኤሌክትሪክ የለበሱት ግን ይገፋፋሉ። ስለዚህ ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው እየተሸሻሹ፣ አንዱ ከአንዱ ጋር ተጣብቆ መክበድ አቅቶት፣ በውኃው መካከል ተንሳፈው ይኖራሉ።

ይህን ጠብ የሚያበርድ ሽማግሌ አሉሚኒየም ሰልፌት የሚባለው ነጭ ጨው ነው። በውኃ ሲሟሟ አሉሚኒየሙ ሦስት እጥፍ ፖዚቲቭ ኤሌክትሪክ ይዞ ይለያል፤ ይህም የቅንጣቶቹን ልብስ ይገፍፋቸዋል፤ ራሱም ከውኃው ጋር ተዋሕዶ እንደ ተባዘተ ጥጥ ያለ ዝልግልግ ነገር ይሆንና ጭቃውን እየሰበሰበ ወደ ታች ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ውኃው ወደ ኮምጣጣነት ያዘነብላል። የኮምጣጣነት መለኪያው ፒ ኤች ይባላል፤ ከ0 እስከ 14 ይቈጠራል፤ 7 መካከለኛ ነው፤ ሎሚ ወደ 2 ይጠጋል፤ የአመድ ውኃ ከ10 በላይ ይወጣል። ውኃው ከልክ በላይ እንዳይኮመጥጥ ባለሙያዎች ኖራ ይጨምሩበታል። አዲስ አበባ ከ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ የምትጠጣው የለገዳዲ ግድብ ውኃ እንደ እኛ ወንዞች ቀይ ሆኖ የሚመጣ ስለ ሆነ የሚጣራው በዚሁ ጥበብ ነው፤ መድኃኒቱ ይደባለቃል፤ ዝቃጩ ይሰክናል፤ የቀረው በአሸዋ ውስጥ ያልፋል፤ በመጨረሻ ክሎሪን ይገባበታል። አሉሚኒየም ሰልፌቱንም በአዋሽ መልካሳ የተቋቋመው ፋብሪካ በአገር ውስጥ ሲሠራው ኖሯል።

በደቡብ ኢትዮጵያ ሽፈራው የተባለው ዛፍ ፍሬም ተፈጭቶ በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ሲበጠበጥ ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ በፍሬው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ፖዚቲቭ ኤሌክትሪክ ስላለው ነው። አንባቢዎቻችን በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 15 የተጻፈውን፣ ሙሴ በማራ መራራው ውኃ ላይ እንጨት ጥሎ ውኃው የጣፈጠበትን ታሪክ ያስታውሱ ይሆናል። አንዳንድ ሰዎች ያን ተአምር በሽፈራው ዓይነት ዛፍ ሊተረጕሙት ይሞክራሉ። እኛ ይህን አንወድም። መራራነት የሟሟ ነገር ጠባይ ነው፤ ሽፈራው ደግሞ የሚያወርደው የተንሳፈፈውን እንጂ የሟሟውን አይደለም፤ ስለዚህ ትርጓሜው በኬሚስትሪውም በኩል አይቆምም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጠላት እንምጣ። ጭቃው ወርዶ ውኃው እንደ መስተዋት ቢጠራ፣ የኮሌራ፣ የታይፎይድና የተቅማጥ ረቂቅ ነፍሳት በሚሊዮን ተቈጥረው በአንድ ኩባያ ሊቀሩ ይችላሉ። ከሰው ዓይነ ምድር ወደ ሰው አፍ የሚያደርሳቸው መንገድ ውኃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ጆን ስኖው የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በለንደን ከተማ በአንድ የውኃ ፓምፕ ዙሪያ የሞቱትን በካርታ ላይ ምልክት እያደረገ ኮሌራ በውኃ እንደሚመጣ ባሳየ ጊዜ፣ ያ ውኃ ለዓይን መጥፎ አልነበረም።

ክሎሪን ከምግብ ጨው በኤሌክትሪክ ኃይል የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው። በውኃ ሲገባ ሃይፖክሎረስ አሲድ የተባለውን ይፈጥራል፤ ይህም የረቂቁን ነፍስ ግድግዳ ጥሶ ገብቶ ውስጡን ያቃጥላል። የሚፈለገው መጠን የሚያስገርም ነው፤ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ግማሽ ሚሊግራም ያህል ከተረፈ ይበቃል፤ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ሚሊዮን ሚሊግራም እንደሚመዝን ማስታወስ ነው። ፒ ኤቹ ከ8 በታች ሲሆን ይበረታል፤ ከዚያ በላይ ይደክማል። እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ የአሜሪካዋ ጀርሲ ሲቲ ሳታቋርጥ የሕዝቧን ውኃ በክሎሪን ማከም ከጀመረች ወዲህ የዓለም ከተሞች ተከትለዋታል።

ነገር ግን ብዙ ቤት የሚሳሳትበት ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ክሎሪን ጠላቱን መርጦ አይመታም። በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ቢጨመር በቅጠሉ፣ በፍግና በጭቃው ላይ ኃይሉን ይጨርሳል፤ ረቂቁ ነፍስም በጭቃው ቅንጣት ውስጥ ተሸሽጎ ያመልጣል፤ እመቤቲቱም መድኃኒት አደረግሁበት ብላ ታምናለች። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ አይገባም፤ አስቀድሞ ማጥራት፣ ቀጥሎ ማከም። ውኃ አጋር በሚል ስም የታወቀው ፈሳሽ ክሎሪን ብቻ ነው፤ ቢሻን ጋሪ የተባለው ዱቄት ግን የሚያጠራውንም የሚገድለውንም አንድ ላይ የያዘ ስለ ሆነ ለክረምት ወንዝ ውኃ ይሻላል። ስሙም በኦሮምኛ መልካም ውኃ ማለት ነው።

ማጥሪያ ዱቄት በሌለበት ቤት ውኃውን አሳድሮ ላዩን በቀስታ መገልበጥ፣ ከዚያም አራት ጊዜ በታጠፈ ነጠላ ማጥለል ነው። ነጠላው አሮጌ ቢሆን ይመረጣል፤ ብዙ ጊዜ የታጠበ ጥጥ ክሩ ስለሚበተን ቀዳዳው ይጠባል። በባንግላዴሽ እናቶች አራት ጊዜ ባጠፉት አሮጌ የሳሪ ጨርቅ ውኃቸውን እያጠለሉ የኮሌራውን ቍጥር ወደ ግማሽ እንደ ቀነሱት እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት አሳይቷል። የቀረው ግማሽ ግን የክሎሪን ወይም የእሳት ድርሻ ነው። ክሎሪኑን በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሮ፣ አናውጦ፣ ሠላሳ ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ሽታው የሚያስቸግረው ሰው ከሠላሳ ደቂቃ በኋላ በሚጠጣበት ኩባያ ላይ ጥቂት ሎሚ ቢጨምቅ ይጠፋለታል፤ አስቀድሞ ቢጨምቅ ግን መድኃኒቱን ያፈርሰዋል። በረኪና የዚሁ ዘር ቢሆንም ኃይሉ ስለሚለያይና ሽቱ ስለሚገባበት ለመጠጥ የተዘጋጀውን መያዝ ይሻላል፤ በረኪናንና ሎሚን ወይም ሌላ ኮምጣጣ ነገርን በአንድ ዕቃ መቀላቀል ደግሞ መርዛም ጋዝ ያስነሣልና ልጆች እንዲያውቁት ይሁን። ጠርሙሱም ፀሐይና ዘመን ስለሚያደክሙት በጥላ ይቀመጥ፤ የተጻፈበትም ቀን ይታይ።

ጃርዲያና አሜባ ክሎሪንን ከሌሎቹ አብልጠው ይቋቋማሉ፤ በዚህ ጊዜ እሳት ይበልጣል። በፍኖተ ሰላም ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አየሩ በከፍታ ስለሚሳሳ ነው። ይህም ሙቀት ይበቃል። ውኃው ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ፣ ከ2000 ሜትር በላይ በሆነው በሰከላ ዓይነት ደጋ ሦስት ደቂቃ ማቆየት ነው። በጠርሙስ ውኃ ሞልቶ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ማስጣትም ረቂቁን ነፍስ የሚገድል እውነተኛ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን የጎጃም ሐምሌ ፀሐይዋን አያሳይምና በብርቱ በምንፈልገው ወራት አይረዳንም። እንጨት ለቅማ የምትመጣው እናት ወይም ልጅ መሆኗን ስለምናውቅም ሁሉን ውኃ አፍሉ አንልም፤ የተፈላው ለሕፃንና ለታማሚ፣ ክሎሪን ያለበት ለቀረው ቤተ ሰብ ይሁን።

በዚህ ሁሉ የማይድን አንድ ነገር አለ። ብልሃርዝያ በመጠጥ ሳይሆን በቈዳ በኩል ይገባል፤ በጥቅምት የጠራው ወንዝ ውስጥ የሚዋኘውን ልጅ በቤት ያለው ክሎሪን አይጠብቀውም። የእንዶዱን ነገር እዚህ ላይ ማንሣት ይገባናል፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ ነው ምርምሩን የጀመረው። የእናቶቻችን ሳሙና ለዓለም ሳይንስ ትምህርት ሆነ።

አሁን ደግሞ ለመናገር የምንጠነቀቅበትን፣ ነገር ግን ዝም ልንልበት የማይገባንን ነገር እናነሣለን። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ጎንደር በቋራ ወረዳ፣ በበርሜል ጊዮርጊስ የጠበል ቦታ፣ ፈውስ ፈልገው በሺህ የሚቈጠሩ ምእመናን በተሰበሰቡበት ኮሌራ ተነሣ። ሰዎች ሞቱ፤ በሽታውም ከተመላሾች ጋር ወደ ሌሎች ወረዳዎች ሄደ። ይህን ሰምቶ በጠበል የሚዘብት ሰው አለ፤ ይህን ሲነገር ሰምቶ የሚቈጣ ምእመንም አለ። ሁለቱም ነገሩን አልያዙትም። ኮሌራ ከሰው ዓይነ ምድር የሚመጣ በሽታ ነው፤ ጸሎት የደረሰበት ውኃ አይወልደውም። ብዙ ሺህ ሰው በቂ መጸዳጃ በሌለበት ሜዳ ለብዙ ቀን ሲሰፍር፣ ዝናቡ ሜዳውን አጥቦ ወደ ወራጁ ሲያወርደው፣ ያንኑ ወራጅ ሰው ሲጠጣውና ሲያበስልበት፣ የቦታው ቅድስና የሰውን ቸልተኝነት ይሸፍናል ብሎ መጠበቅ እግዚአብሔርን መፈታተን ይሆናል።

በእኛም አገር በሰከላ፣ በአቡነ ዘርዓ ብሩክ ስም የሚከበረው የግሽ ዓባይ ምንጭ ከየአውራጃው ሰው ይጠራል፤ በየደብሩም ጠበል አለ። ከምንጩ ዓይን የሚወጣውን የሚያረክሰው ብዙ ጊዜ ከወጣ በኋላ የሚደርስበት ነው፤ የሁሉም ጣሳ የሚጠልቅበት ገንዳ፣ ተጠማቂው ታጥቦ ወደ መጠጫው የሚመለስ ውኃ፣ ከምንጩ በላይ የተቈፈረ መጸዳጃ። የምንጩን ዓይን በድንጋይና በሲሚንቶ ከድኖ በቧንቧ ማውጣት፣ የመጠጫውን ቧንቧ ከመጠመቂያው መለየት፣ መጸዳጃውን ቢያንስ 30 ሜትር አርቆ በታች በኩል ማድረግ የሰበካ ጉባኤ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው። ሱባኤ የገባ ሰውም ለመጠጥና ለማብሰያ የሚቀዳውን የወንዝ ውኃ እንደ ቤቱ ያክም። በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 2 ነቢዩ ኤልሳዕ የኢያሪኮን ክፉ ውኃ ሊፈውስ በወጣ ጊዜ ከሕዝቡ የጠየቀው ሁለት ነገር ነበር፤ ጨውና አዲስ ዕቃ። ጨው ብቻውን ውኃን አይፈውስም፤ ፈውሱ የእግዚአብሔር ነው። ዕቃው አዲስ እንዲሆን መታዘዙን ግን ልብ ልንለው ይገባል።

የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓትም በዕቃ ነገር ጥብቅ ነው። ለቤተ ልሔም ውኃ የሚቀዳበት ዕቃ ለሌላ ሥራ አይውልም፤ ዲያቆኑ ይከድነዋል እንጂ አፉን ከፍቶ አያሳድረውም። በቤታችን ግን ትናንት ዘይት ወይም ጠላ የነበረበት ጀሪካን ዛሬ ለውኃ ይወጣል። ከቦኖ የተቀዳ፣ ክሎሪን ያለበት ውኃ ቢሆን እንኳ በግድግዳው ላይ አረንጓዴ ዝልግልግ በያዘ ጀሪካን ሲገባ መድኃኒቱ በዚያው ያልቃል። ጀሪካኑን በሳምንት አንድ ጊዜ ጥቂት ጠጠርና የሳሙና ውኃ ጨምሮ አጥብቆ መናጥ፣ ዝልግልጉ ለቆ ሲወጣ ሁለት ጊዜ ማለቅለቅ፣ በመጨረሻም ክሎሪን በገባበት ውኃ ሞልቶ ሠላሳ ደቂቃ አቆይቶ መድፋት ነው። አፉ ጠባብ የሆነው ይመረጣል፤ እጅና ኩባያ አይገባበትምና። እንስራ የሚወድ ቤት በወይራ ቢያጥነው ለሽታው መልካም ነው፤ ከውስጡ የሚጨለፍበት ባለ እጀታ ጭልፋ ግን ለብቻው ተሰቅሎ ይኑር፤ ክዳኑም ከሕፃናት እጅ በላይ ይሁን።